ልጄ ገና ሜጀር ሊግ አልገባም፣ ምስጋናዬ ግን እስኪገባ አይጠብቅም

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ያላችሁ፣ ከቨርጂኒያ እየነዳችሁ የመጣችሁ፣ ከአዲስ አበባ በሌሊት የደወላችሁልኝ ወገኖቼ ሁሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ስነሳ ስቀመጥ ሁለት ወር አለፈኝ። አንድ ቀን የሌሊት ሥራ ይደክመኛል፣ ሌላ ቀን እንባ ይቀድመኛል። ደግሞ ከምስጋናው በፊት የማስተካክለው ወሬ አለ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እናት አቅፋኝ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጅሽ ሚሊየነር ሆነ አሉ» አለችኝ። ሌላው ደግሞ ቤቱን የት ልንገዛ እንዳሰብን ጠየቀኝ። ሳቅሁ። ግን ወሬው በዚሁ ከቀጠለ ነገ ለልጁም ሸክም ይሆንበታል። እውነቱን ከእኔ ከእናቱ ስሙት።

ልጄ የቤዝቦል ተጫዋች ነው፣ ግን ሜጀር ሊግ፣ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ፣ አልገባም። የፈረመው ከአንድ የሜጀር ሊግ ቡድን ጋር ነው፣ የሚጫወተው ግን ከታች፣ ማይነር ሊግ ነው። አሁን ያለው ፍሎሪዳ፣ የቡድኑ ማሠልጠኛ ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ በላይ ሎው ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ የሚባሉ ደረጃዎች አሉ። በቴሌቪዥን የምታዩት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣውን ነው። ሜጀር ሊግ 30 ቡድን አለው። ልጄ ካቸር ነው፣ ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሷን የሚይዘው፤ አንድ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ሁለት ካቸር ብቻ ነው። አስሉት እንግዲህ፣ በዓለም ላይ ለዚህ ሥራ ያለው ቦታ 60 ገደማ ነው ማለት ነው።

ገንዘቡንም ልንገራችሁ፣ ምን ይደበቃል። የማይነር ሊግ ተጫዋቾች በማኅበር ተደራጅተው እ.ኤ.አ. በ2023 የመጀመሪያውን ስምምነት ሲያደርጉ፣ በማሠልጠኛ ግቢ ላለ ተጫዋች የዓመት ደመወዙ 19,800 ዶላር ሆነ። ከዚያ በፊት 4,800 ነበር! ትሪፕል ኤ ለደረሰ ደግሞ 35,800 ዶላር። ላይ ከተደረሰማ ሌላ ነው፣ በ2025 የሜጀር ሊግ ትንሹ ደመወዝ 760,000 ዶላር ነበር። የእኛ ልጅ ግን ለጊዜው ከእኔ ያነሰ ነው የሚያገኘው። እኔ ደግሞ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ታውቁታላችሁ። ደግነቱ መኝታውን ቡድኑ ይችለዋል።

እንግዲህ ወደ ምስጋናው።

መጀመሪያ የማመሰግነው ጡረታ የወጡትን የሰፈራችንን አሠልጣኝ ነው። ደብዳቤውን ልጄ ተርጉሞ ያነብላቸዋል። ልጄ በ13 ዓመቱ አጭርና ወፍራም ነበር። ከእሳቸው በፊት የነበረ አንድ አሠልጣኝ «ይሄ ልጅ አይሮጥም» ብሎ መልሶልናል። እኚህ ግን ጉልበቱንና ዳሌውን አዩና ማስክና የደረት መከላከያ ሰጡት። ባለቤቴ ቤት ሲመጣ «በረኛ አደረጉት» አለኝ። እውነትም በእግር ኳስ ቋንቋ ከበረኛ ሌላ የሚቀርበው የለም። ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ፣ በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ የሚመጣ ኳስ ይይዛል። ፒቸሩ፣ ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው፣ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረውር የሚነግረውም እሱ ነው። ሜዳውን ሁሉ ፊት ለፊት የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ከዱላው ጫፍ የተረፈች ኳስ ስንቴ ትከሻውን፣ ስንቴ አውራ ጣቱን እንዳገኘችው አልቆጥርም። ጥፍሩ ጠቁሮ ሲመጣ «ይህን ጨዋታ ማን ፈጠረው» ብዬ አማርሬያለሁ።

አንድ ጊዜማ ንስሐ አባታችንን ጠይቄያቸዋለሁ። ልጁ ኳሷን ሲይዝ ጓንቱን ትንሽ ወደ መሐል ይስባል። ዳኛው ጥሩ ኳስ ናት ብሎ እንዲፈርድ ነው። ይሄ ማታለል አይደለም ወይ ብዬ ጨነቀኝ። አባታችን ሳቁና «ዳኛው ዓይን የለውም እንዴ?» አሉኝ። አሁን ለነገሩ ማሽኑ መጥቷል። ትሪፕል ኤ ላይ ሲሞከር ቆይቶ ከ2026 ጀምሮ በሜጀር ሊግም እንዲሠራ ተወስኗል፣ ካቸሩ ወይም መቺው ወይም ፒቸሩ ጭንቅላቱን መታ ካደረገ የዳኛው ፍርድ በካሜራ ይጣራል። አባታችን ስለ ጸሎትዎም ስለ ሳቅዎም ይመስገኑ። የእሑድ ጨዋታ ቅዳሴ ሲያስቀርብን ያልተቆጡንም እርስዎ ነዎት።

የታክሲ ባልደረቦቻችን፣ እናንተን በምን ቃል ላመስግን? የበጋው ውድድር ጆርጂያ ነበር፣ ኤመርሰን የምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሜዳው ብዛቱ። ከእኛ ቤት ከአሥር ሰዓት በላይ ያስነዳል። ስካውቶች፣ ለቡድኖቹ ተጫዋች የሚመለምሉት፣ ካቸር የሚያዩት እዚያ ነው፣ አለመሄድ አይቻልም። ባለቤቴ ወገቡን የታመመበት ዓመት ሁለታችሁ ተፈራርቃችሁ ነዳችሁለት። ሁለት ቀን ሥራ ዘግታችሁ። የቤንዚን ስሰጥ «ተይ አታሳፍሪን» ብላችሁ ብሩን መኪናው ውስጥ ትታችሁልኝ ሄዳችሁ። አንደኛችሁ ስለ ቤዝቦል ምንም ሳታውቁ አጥሩን ይዛችሁ ስትጮኹ ዳኛው ሁለቴ ዞር ብሎ አይቷችኋል አሉ። በርቱ።

ጾም ሲሆን ሽሮውንና ምስሩን በዕቃ ሞልታችሁ የላካችሁልን እህቶች፣ ልጁ ጾሙን ሳይፈታ ጉልበት እንዲያገኝ ስታስቡለት የነበራችሁ፣ እናንተንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ የቤዝቦል ዱላ 400 ዶላር ነው ስላችሁ «የወርቅ ነው እንዴ?» ብላችሁ ከዚያ ያዋጣችሁትንም አልረሳሁም።

አሁን ወደ ክፉው ዓመት ልምጣ። እሱን ሳላነሳ ምስጋናው ሙሉ አይሆንም።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበር፣ ማርች ላይ። ካቸር የሚመዘንበት አንድ ነገር አለ። ተቃራኒ ተጫዋች ቤዝ ሊሰርቅ፣ ማለትም ኳሷ ሳትመታ ሜዳው ላይ ወዳለው ቀጣይ ማረፊያ ሊደርስ ሲሮጥ፣ ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ከገባችበት ቅጽበት እስከ ሁለተኛ ቤዝ የምትደርስበት ጊዜ ይለካል። ርቀቱ 39 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሰከንድ ጥሩ ነው፣ 1.9 ከሆነ ስካውቶቹ ከስልካቸው ቀና ይላሉ። ልጄ ያን ቀን ወረወረ፣ ሌባውም ተያዘ። እሱ ግን ክርኑ ውስጥ ክር የተበጠሰ መሰለው። መጀመሪያ ያየው ሐኪም በረዶ አድርግበት፣ ዕረፍት ውሰድ አለው። ስድስት ሳምንት እንዲሁ ባከነ። በኋላ ኤምአርአይ ሲነሳ የክርኑ ጅማት ተበጥሷል።

ያኔ ስልክ የደወልኩት ለአንቺ ነው፣ ነርሷ እህቴ። ስምሽን እንዳልጽፍ አስምለሽኛል። እኔ እንግሊዝኛው ጆሮዬ አልገባ ብሎ ስርበተበት፣ በአማርኛ ቁጭ አድርገሽ አስረዳሽኝ። ከእጁ አንጓ ብዙም የማያስፈልግ ጅማት ይወስዱና ክርኑ ላይ ይተክሉለታል፣ በ1974 መጀመሪያ የተሠራለት ቶሚ ጆን የሚባል ፒቸር ነው፣ ሕክምናውም በስሙ ይጠራል፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ድኖበታል አልሽኝ። ለልጁ ደግሞ ሳልቫዶር ፔሬዝን አሳየሽው። የካንሳስ ሲቲው ካቸር በ2019 ይኸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዓመቱን ሙሉ አልተጫወተም፣ በ2021 ግን 48 ሆም ረን፣ ከሜዳው አጥር ውጭ የሚወጣውን ምት፣ መታ። ልጄ የዚያን ሰው ፎቶ አልጋው ራስጌ ላይ ለጠፈ። ከሥዕለ አድኅኖው ዝቅ አድርጎ ነው፣ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ኢንሹራንሱ ያልሸፈነውን ዕቁባችን ሸፈነው። ዕጣው የእኔ አልነበረም። ሦስት ሰው ነበር ከፊቴ። ሦስታችሁም ተራችሁን ለቀቃችሁ። አንዷ የምትጠብቀው የልጇን ሰርግ ነበር። ይህን ያወቅሁት ከሰርጉ በኋላ ነው።

ለአሥር ወር በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ፊዚዮቴራፒ የወሰድከው ወንድማችን፣ አንተ ደግሞ ዝም ያልክ ሰው ነህ። ልጄ ስለ አንተ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «እሱ ክንድህ እንዴት ነው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፣ በላህ ወይ ብቻ ነው የሚለኝ።» በዚያ ሰሞን ሁሉም ክንዱን ሲጠይቀው መሽቶበት ይነጋ ነበር።

በአምስተኛው ወር ኳስ መወርወር ጀመረ። ያውም ከሳሎናችን እምብዛም በማይረዝም ርቀት፣ ከሕንፃው ኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ። ኳሷን ተቀብሎ የሚመልስለት የጎረቤታችን ልጅ ነበር። እናቱ ከኤል ሳልቫዶር ናት። ማታ ማታ ልጄን ወጥ ቤቷ አስቀምጣ ስፓኒሽ ታስተምረው ነበር፣ እኔም ለእሷ ቡና አፈላላታለሁ። ያኔ ጊዜ ማሳለፊያ መስሎኝ ነበር። አሁን ፍሎሪዳ ካሉት ፒቸሮች ብዙዎቹ የዶሚኒካንና የቬኔዝዌላ ልጆች ናቸው። ካቸር ከፒቸሩ ጋር ካልተነጋገረ ምን ዋጋ አለው? አሠልጣኙ የሚለውን ለእነሱ፣ እነሱ የሚሉትን ለአሠልጣኙ የሚያደርሰው የእኛ አበሻ ነው። ግራሲያስ፣ ጎረቤቴ።

ከዚያ ድራፍቱ መጣ። እዚያ ቀን ቤቴ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። እኔ መቼም አልረሳውም።

ድራፍት ማለት ቡድኖቹ በየተራ ልጆቹን በስም እየጠሩ የሚወስዱበት ነው። 20 ዙር ነው፣ ሁለት ቀን ይፈጃል። በመጀመሪያው ቀን ማንም አልጠበቀም፣ የሚጠሩት ትልልቆቹ ናቸው። በሁለተኛው ቀን ግን ቤቱ ሞላ። ዶሮው ተሠርቷል፣ ቡናው ተጥዷል። አቦሉ ሲጠጣ አምስተኛው ዙር ላይ ነበርን። ስሞቹ ይፈጥናሉ፣ ትንፋሽ አይሰጡም። ካቸር በተጠራ ቁጥር ሁላችሁም ወደ ልጄ ትዞራላችሁ፣ እሱ ስልኩን ያያል። ቶናው ተጠጣ። ከ600 በላይ ስም ተጠራ። ሃያኛው ዙር አለቀ፣ የእኛ ልጅ ስም የለም።

ያ ዝምታ! አንድ ሰው እንኳን «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አላለም። ለዚህ ነው በተለይ የማመሰግናችሁ። ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። አንዲት እናት ጀበናውን አንሥታ «በረካው አልተጠጣም፣ ቁጭ በሉ» አለች። ቁጭ አላችሁ። ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጆርጂያ አቬኑ ትራፊክ አወራችሁ። ልጄም አብሮ አወራ። ማታ ነው ተነሥታችሁ የሄዳችሁት።

እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ እሱና እኔ ሲኒ እያጠብን ነበር። ታናሽ እህቱ ስልኩን ይዛ መጣች። በአረፋ እጁ ተቀበላት። ስካውቱ ነበር፣ ያ ጆርጂያ ላይ ያየው። ካልተጠሩት መካከል ቡድኖቹ የፈለጉትን ልጅ ማስፈረም ይችላሉ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ እንዳትጠብቅ አለው። ክንድህን ሐኪሞቻችን ያዩታል፣ ካለፍክ ሐሙስ ትበራለህ አለው። ልጄ ያለው «የስ ሰር» ብቻ ነው። ስልኩን ዘግቶ ሲኒውን ማጠቡን ቀጠለ። እኔ ነኝ የጮኽኩት።

እኔ ነኝ ደግሞ በዚያ ሌሊት ለሁላችሁም የደወልኩት። «ፈረመ» ነው ያልኩት፣ ሜጀር ሊግ አላልኩም። ጠዋት ላይ ወሬው እንዴት እንዳደገ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሐኪሞቹ አሳለፉት። ሐሙስ በረረ። ኤርፖርት የሸኛችሁት መኪና ቁጥሩ ብዙ ስለነበር ፖሊሱ ማን ሞተ ብሎ ሳይጠይቅ አልቀረም። አሁን ጠዋት 12 ሰዓት ይነሣል፣ ፀሐዩ ከባድ ነው ይላል፣ ምግቡ ጨው የለውም ይላል። በርበሬ ላክሁለት። አንድ ቀን ተሰልፎ ይጫወታል፣ ሁለት ቀን ደግሞ ሌሎች ፒቸሮችን ሲያሟሙቅ ይውላል። በዚህ ዓመት ወይም በሚቀጥለው ሊያሰናብቱትም ይችላሉ። እሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቄዋለሁ። ዲግሪውን ይዟል፣ እኔ እሱን ይዤ ነው የምተኛው። ከሆነለትና አንድ ቀን ባልቲሞር ካምደን ያርድስ መጥቶ ከተጫወተ ትኬት አልገዛላችሁም፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ አቅም የለኝም። ዶሮው ግን የእኔ ነው።

በመጨረሻ አንድ ጉዳይ። የድራፍቱ ቀን ቤቴ የተረሳ ዕቃ አለ። ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን፣ እጀታው በፕላስተር የተጠገነ፣ ሁለት ክዳን የሌላቸው የምግብ ዕቃዎች፣ እና አንድ ነጭ የሴት ነጠላ ጥለቱ አረንጓዴ። ነጠላውን አጥቤዋለሁ። ከማክሰኞ በስተቀር ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ፣ ኑና ውሰዱ። ቡናም እናፈላለን።