ሙሉ ስኮላርሺፕ አልነበረም፣ ጋሼ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሰላምታውን አላስረዝምም። የላክኸውን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ መልስ ሳልሰጥህ ሁለት ወር ማለፉንም አውቃለሁ። «ልጅህ ሙሉ ስኮላርሺፕ ሰጥተዋት እምቢ አለች አሉ። ለእህትህ ሰርግ እጄ አጠረኝ ትለናለህ፣ እዚያ ደግሞ በነፃ የመጣ ትምህርት ትገፋለህ?» ብለሃል። ወሬው በማን በኩል እንደደረሰህ ይገባኛል፤ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የተወራ ነገር ደብረ ማርቆስ ለመግባት አንድ ሌሊት ይበቃዋል። በስልክ ላስረዳህ ስሞክር መስመሩ ይቆራረጣል፣ እኔም ቶሎ እቆጣለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። አንተ የሒሳብ መምህር ነህ፤ ቁጥሩን አይተህ ፍረደኝ።

መጀመሪያ ግን የእማዬን ልመልስ። የልጄን ፎቶ አይታ «ልጄ በዱላ ትደባደባለች እንዴ?» ማለቷን ሰምቻለሁ። ገናን አስቢ በላት። ላክሮስ የሚሉት ይህ ጨዋታ ዱላው ጫፉ ላይ መረብ አለው፣ ኳሷ የጎማ ናት፣ በመረቡ እየተቀባበሉ ሮጠው ጎል ያገባሉ። የዚህ አገር ነባር ሕዝቦች ነጭ ሳይመጣ በፊት ይጫወቱት የነበረ ነው፤ እኛ ባለንበት በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሕግ የግዛቱ የቡድን ስፖርት ሆኗል። ሴቶቹ 12 ሆነው ይገባሉ፤ የራስ ቁር የምታደርገው በረኛዋ ናት፣ ሌሎቹ የዓይን መከላከያ ነው። የወንዶቹን ዓይነት በአካል መጋጨት አይፈቀድላቸውም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እዚህ ግን አይሠራም፤ ዳኛዋ ካርድ ትመዛለች።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ የኮሌጅ ስፖርት በሦስት እርከን ይከፈላል። ዲቪዚዮን አንድ እነ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ኖርዝዌስተርን ያሉበት ነው። ዲቪዚዮን ሦስት የሚባሉት ባብዛኛው ትንንሽ ኮሌጆች ናቸው፤ ለስፖርት ብለው አንድ ሳንቲም አይሰጡም። እነ ሃርቫርድና ዬል ያሉበት አይቪ ሊግም ዲቪዚዮን አንድ ሆኖ ሳለ የስፖርት ስኮላርሺፕ የለውም። በሰጪዎቹም ዘንድ ቢሆን እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ አንድ የሴቶች ላክሮስ ቡድን ሊሰጥ የሚችለው ቢበዛ የ12 ሙሉ ስኮላርሺፕ ዋጋ ነበር። ቡድኑ ውስጥ ያሉት ግን ከሠላሳ ይበልጣሉ። አሠልጣኟ ያንን እንደ ድፎ ዳቦ ትቆርሰዋለች፤ ለአንዷ ግማሽ፣ ለአንዷ ሩብ፣ ለአንዷ የመጽሐፍ ብቻ፣ ለአንዷም ባዶ። በዚያው ዓመት ስለ ኮሌጅ ስፖርተኞች ክፍያ ከተደረሰው የፍርድ ቤት ስምምነት በኋላ ስምምነቱን በተቀበሉ ትምህርት ቤቶች ጣሪያው ተነስቶ በምትኩ የተጫዋች ቁጥር በ38 ተገድቧል። ለሁሉም መስጠት ተፈቀደ ማለት ግን ገንዘቡ አለ ማለት አይደለም። ላክሮስ እንደ አሜሪካን ፉትቦል የቴሌቪዥን ገንዘብ አያመጣም።

ለልጅቷ የቀረበላት ሩብ ነበር። የትምህርት ቤቱ ወጪ ከምግብና ከመኝታ ጋር በዓመት 80,000 ዶላር፤ ሩቡ 20,000፤ የሚቀረው 60,000። ከዚያ ላይ ሌላ የሚረዱን ጥቂት ነው። ሁለተኛው፣ የመረጠችው፣ ዲቪዚዮን ሦስት ነው። ለዱላዋ የሚሰጣት ምንም የለም፤ ግን የቤተሰብ ገቢ አይቶ የጎደለውን የሚሞላ ኮሌጅ ነው። በግምታቸው 61,000 ይሸፍኑልናል፣ በእኛ ላይ የሚቀረው 21,000 ነው፤ ወጪው ሁለት ሺህ ይበልጣልና። በአራት ዓመት ስታባዛው ልዩነቱ ከ150,000 ዶላር ይበልጣል። እምቢ ያልነው ይህንን ነው እንግዲህ።

እርዳታውን ለማስላት ፋፍሳ የሚባል የመንግሥት ፎርም ይሞላል፤ ብዙ የግል ኮሌጆች ደግሞ በላዩ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ይጠይቃሉ። ገቢህን፣ የባንክ ደብተርህን ይጠይቃል። ለእናት የሚላክ ገንዘብ የሚጻፍበት መስመር ግን ፋፍሳ ላይ የለም። ውጭ አገር ያለች እናት በታክስ ሕጋቸው ጥገኛ ተብላ አትመዘገብም፤ በፎርሙ ዓይን የምልከው ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ነው ያለው። ሲኤስኤስ ላይ ልዩ ሁኔታ የሚገለጽበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ የእማዬን መድኃኒት፣ የእህታችንን የኮሌጅ ክፍያ፣ የቤቱን ጣራ ጻፍኩ፣ የሐዋላ ደረሰኞቹንም አዘጋጀሁ። ሌሊት ቁጭ ብዬ ደረሰኙን ስደምር፣ ጋሼ፣ የላክሁት ብዙ መሰለኝ፤ ደግሞ በዓመታቱ ሳካፍለው ትንሽ ሆነብኝ። ይህን ለመናገር አልነበረም የተነሣሁት።

ገንዘቡ እኩል ቢሆን ኖሮስ? ያኔም ሁለተኛውን የምትመርጥ ይመስለኛል። ልጅቷ ባዮሎጂ አጥንታ ሐኪም መሆን ነው የምትፈልገው። በዲቪዚዮን አንድ ሕግ በውድድር ወቅት ልምምዱ በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም፣ አንድ ቀንም እረፍት አለ። ወረቀቱ ላይ ደህና ይመስላል። ግን የጨዋታ ቀን የፈለገ ቢረዝም 3 ሰዓት ተብሎ ይቆጠራል፣ የጉዞው ሰዓትም የሕክምናውም አይቆጠርም። ወቅቱ ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ነው፤ ልክ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪው ከሰዓት በኋላ በሚሆንበት፣ የማጠቃለያ ፈተናውም በሚደርስበት ጊዜ። ላቦራቶሪው ልምምድ ላይ ከወደቀ ወይ አሠልጣኟ ትፈቅዳለች ወይ ልጅቷ የትምህርት ክፍል ትቀይራለች። መቀየሩም ሌላ ጣጣ አለው፤ ሁለተኛውን ዓመት ስትጨርስ ከምትመረቅበት ትምህርት 40 በመቶውን፣ ሦስተኛውን ስትጨርስ 60 በመቶውን ካላጠናቀቀች እንድትጫወት አይፈቀድላትም። ዘግይታ ብትቀይር የወሰደቻቸው ኮርሶች ለአዲሱ ክፍል ላይቆጠሩላት ይችላሉ። ለዚህ ነው አንዳንድ ቡድን ውስጥ ግማሹ ልጅ አንድ ቀለል ያለ ዲፓርትመንት ውስጥ ተሰብስቦ የምታገኘው።

ይህን ለማወቅ አሠልጣኝ መጠየቅ አያስፈልግም፤ እርሷማ «ትምህርት ይቀድማል» ነው የምትልህ። የቡድኑ ዝርዝር ድረ ገጻቸው ላይ አለ፣ የቆየውም ጭምር። የዛሬ አራት ዓመቱን አወጣን፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቹን ቆጠርን፣ ከዚያ በዘንድሮው ዝርዝር አራተኛ ዓመት ላይ ስንቱ እንዳለ አየን። በሩብ ስኮላርሺፑ ትምህርት ቤት 11 ገብተው የቀሩት 4 ናቸው። በሁለተኛው 8 ገብተው 7 አሉ። ከስማቸው አጠገብ የሚያጠኑት ተጽፏል፤ በሁለተኛው ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የሚያጠኑ አምስት ልጆች አገኘን፣ በመጀመሪያው አንዲት። ሌላም ቁጠር፤ በእርሷ ቦታ የሚጫወቱ ስንት አሉ፣ ስንቶቹስ የታች ክፍል ናቸው? 38 ሰው ተመዝግቦ ሜዳ የሚገባው 12 ሲሆን፣ ሁለት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትጨርስ ልጅ ብዙ ናት።

አንተ «ፊርማ ካለ ምን ያስፈራል?» ትል ይሆናል። የስፖርት ስኮላርሺፕ ለአንድ ዓመት ብቻ ተሰጥቶ በየዓመቱ የሚታደስም አለ። አሠልጣኝ ሥራ ትለቃለች፤ አዲሷ የራሷን ልጆች ታመጣለች። የጉልበት ጅማት ይበጠሳል፤ በዚህ ጨዋታ እየሮጡ በድንገት መታጠፍ ስላለ በሴቶቹ ላይ የታወቀ ጉዳት ነው። ስለዚህ ልጅቷን የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገ ጉልበትሽ ተጎድቶ ዱላውን ብትሰቅይው እዚያው ግቢ መማር ትፈልጊያለሽ? ለመጀመሪያው ዝም አለች። ለሁለተኛው ጥያቄውን ሳልጨርስ «አዎ» አለች።

አካሄዱንም ልንገርህ፣ የአክስታችን ልጅ በሩጫ ወደዚህ ለመምጣት ያስባል ብለሃልና። በላክሮስ የዲቪዚዮን አንድ አሠልጣኝ ልጅን ማነጋገር የሚፈቀድላት 11ኛ ክፍል ስትገባ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ኢሜይል ቢላክ መልስ የለም፤ ንቀት አይደለም፣ ሕጉ ነው። አሠልጣኝ በቃል «ቦታ አለሽ» ብትል ማንንም አያስርም። ዲቪዚዮን ሦስት ላይ አሠልጣኟ ልጅቷ 12ኛ ክፍል ከመግባቷ በፊት ባለው ክረምት ትራንስክሪፕቷን ለቅበላ ክፍሉ ታሳያለች። ያኔ በግልጽ መጠየቅ ያለበት «ውጤቷ ይበቃል ነው ያሉሽ ወይስ አንቺ በስሟ ትቆሚላታለሽ?» የሚለው ነው፤ ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ከዚያ ቀድሞ ማመልከት ይመጣል፣ ተቀባይነት ካገኘች የምትታሰርበት ነው። እኛ ከማመልከቷ በፊት የእርዳታ ግምቱን በጽሑፍ ጠየቅን፤ ሰጡን። መልሱን በታኅሣሥ እንጠብቃለን፣ ጸልዩልን።

ውጤቱን በተመለከተ፣ ለዲቪዚዮን አንድ የሚጠየቀው ዝቅተኛ አማካይ በ16 ዋና ዋና ኮርሶች 2.3 ነው። ይህ መጫወት ያስችላል እንጂ ደህና ኮሌጅ አያስገባም። የሚቆጠረው ደግሞ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ነው፤ ስንቱ ወላጅ 11ኛ ክፍል ላይ ነው የሚነቃው። ለአክስታችን ልጅም ይህንን አስረዳው፤ የሩጫ ሰዓቱ አሠልጣኝ ይጠራለታል፣ የክፍል ውጤቱና እንግሊዝኛው ግን ያስገባዋል። ፋፍሳ ለእሱ አይሆንም፣ የዚህ አገር ዜጋ ወይም ነዋሪ አይደለምና። ደላላ «ሙሉ ነው» ካለው በስሙ የተጻፈ የእርዳታ ስምምነት ያሳየው፤ ለቪዛው የሚሰጠው አይ-20 ላይም ወጪውና የሚሸፍነው ገንዘብ ተዘርዝሮ ይገኛል። ሳያነብ መሬት እንዳይሸጡ።

ሥራዬ ደህና ነው። የሌሊት ፈረቃ መልመድ ነው እንጂ ብዙም አይከብድም፤ ልጅቷን ከልምምድ ለመመለስም ይመቸኛል። እየጠበቅኋት መኪና ውስጥ ሳሸልብ ሣሩ ሲታጨድ ይሸተኛል፣ የመስከረም የእኛ ሜዳ ይመስለኛል። ዓይኔን ስገልጥ መብራትና አጥር ነው።

ለሰርጉ 600 ዶላር በዚህ ሳምንት ይደርስሃል። ያንስ ይሆናል፣ አውቃለሁ። በጥር ራሴ አልመጣም፤ ይህን ለሙሽራዋ እኔ ልንገራት፣ አንተ አትንገርብኝ። ሽማግሌ ሆነህ የተቀበልክላት አንተ ነህ፣ መርቀህ የምትሸኛትም አንተ ነህ፣ በእኔም ፈንታ መርቅልኝ። ጥሎሽ ሲቆጠር ስልኩን ከፍተህ ያዝልኝ፤ እዚህ ሌሊት ቢሆንም ነቅቼ እጠብቃለሁ።

የእማዬን ግፊት ጠዋትና ማታ ለክተህ ለአንድ ሳምንት ቁጥሩን ጻፍልኝ። «ደህና ናት» ብቻ አትበለኝ። መድኃኒቱ ስንት ቀን እንደቀረውም ቆጥረህ ንገረኝ፤ በሚቀጥለው ወር የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፣ ሻንጣው ላይ ሁለት ኪሎ ቦታ ሰጥቶኛል።

ታናሽ ወንድምህ