ደብዳቤ ለልጄ፦ ዲቪዥኑን ሳታውቂ አትፈርሚ

ይድረስ ለልጄ ለሐያት፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ደሴም ብርዷን ይዛ ቁጭ ብላለች።

በሩጫሽ የሚፈልጉሽን የሦስቱን የአሜሪካ ኮሌጆች መልእክት አየሁት። አንዱ ዲቪዥን 1፣ አንዱ 2፣ አንዱ 3 ነው። «1 እያለ 3 ምን ይሠራልኛል» ያልሽውን ግን ረጋ ብለሽ አስቢበት። ዲቪዥን የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር (ኤንሲኤኤ) ኮሌጆችን የሚከፍልበት ነው፤ እንደኛ ፕሪሚየር ሊግ ወራጅና አዳጊ የለውም። ኮሌጁ ለስፖርት ሊያወጣ የሚፈልገውን አይቶ ራሱ መርጦ የሚገባበት ምድብ ነው። የትምህርቱን ጥራት ቁጥሩ አይነግርሽም፤ ስመ ጥሩው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ እንኳ በአብዛኛው ስፖርቱ ዲቪዥን 3 ነው።

ቁጥሩ የሚነካው ኪስሽንና ሰዓትሽን ነው። ዲቪዥን 3 በሩጫሽ አንድ ዶላር አይሰጥሽም፤ የሚሰጠው በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ አቅም ነው። ዲቪዥን 2 ለሴቶች አገር አቋራጭና አትሌቲክስ በድምሩ የተፈቀደለት 12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚያህል ነው፤ አሰልጣኙ ያንን ለቡድኑ ይሸነሽነዋል። በዲቪዥን 1 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀውን፣ ለስፖርተኞች በቀጥታ መክፈል የሚፈቅደውን ስምምነት የተቀበሉ ኮሌጆች የስኮላርሺፕ ገደቡ ቀርቶላቸው የቡድኑ ቁጥር ተገድቧል፤ ለአገር አቋራጭ 17 ሯጭ። ስለዚህ «ስኮላርሺፕ አለሽ» ሲሉሽ ዝም ብለሽ አትደሰቺ። የትምህርት ክፍያ፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ የጤና መድን እያሉ ስንቱን እንደሚሸፍኑ በዶላር ይጻፉልሽ። የጎደለውን የሚከፍል ሰው የባንክ ማስረጃ ካላቀረብሽ ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 አይሰጡሽም። የስኮላርሺፕ ውልሽ የአንድ ዓመት ነው ወይስ የአራት? ብትጎጂስ ይቀጥላል? ይህንንም በጽሑፍ።

ሰዓቱ ላይ ብዙ ልጅ ይሸወዳል። በዲቪዥን 1 እና 2 በውድድር ወቅት ልምምድ በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም ይላል ደንቡ። አቆጣጠሩን ግን እይው፤ የውድድር ቀን ሙሉውን ቢፈጅም 3 ሰዓት ተብሎ ነው የሚመዘገብ፣ የአውቶቡስ ጉዞና ሕክምና ጭራሽ አይቆጠሩም። ከወቅት ውጪ 8 ሰዓት ነው ይሉሻል። ረጅም ርቀት ለሚሮጥ ግን በመከር አገር አቋራጭ፣ በክረምታቸው የቤት ውስጥ፣ በጸደይ የመም ውድድር አለ፤ ያ 8 ሰዓት የሚደርስሽ መቼ ነው?

ነርሲንግ ነው የምፈልገው ብለሻል። የኬሚስትሪ ላብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይገባል፣ ሦስት ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል፤ ልምምዱም እዚያው ሰዓት ላይ ነው። ሦስተኛ ዓመት ሲደረስ የሆስፒታል ተግባር ልምምድ ይጨመራል። እዚህ ላይ ነው ልጆቹ ሳይወዱ ወደ ቀለለ ትምህርት የሚዞሩት። አሰልጣኙን ተዪውና ከቡድኑ ነርሲንግ የምታጠና ልጅ አገናኙኝ በዪ። አንዲትም ከሌለች መልሱን አገኘሽው። በዲቪዥን 1 ደግሞ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የዲግሪሽን 40 በመቶ፣ በሦስተኛው 60፣ በአራተኛው 80 ካልጨረስሽ መወዳደር አትችዪም፤ ዘግይቶ ትምህርት የቀየረ ልጅ የሚወድቀው በዚህ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ለነርሲንግ ዲቪዥን 2 ይሻልሻል፣ ገንዘቡ ከሞላ።

የክለቡን ነገር አደራ። ከወጪሽ በላይ የሚከፈል ደመወዝ ወይም የሽልማት ገንዘብ መወዳደሪያሽን ሊያሳጣሽ ይችላል። 12ኛን ጨርሰሽ ከአንድ ዓመት በላይ በክለብ ስትወዳደሪ ከቆየሽም ከመወዳደሪያ ዓመትሽ ሊቀነስ ይችላል። ማናጀር ወረቀት ቢያቀርብልሽ ሳትፈርሚ ፎቶውን ላኪልኝ።

አብሽሪ፣ ውጤትሽ አያሳፍርም። ከ9ኛ እስከ 12ኛ 16 ዋና ዋና ትምህርቶች ይታያሉ፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ። አማካይ ውጤትሽ ከ4 ነጥብ ለዲቪዥን 1 ቢያንስ 2.3፣ ለዲቪዥን 2 ቢያንስ 2.2 መሆን አለበት። ትራንስክሪፕቱን ከትምህርት ቤቱ እኔው አወጣለሁ። ችግር የሚመጣው የስምሽ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ወይም የልደት ቀንሽ ከፓስፖርቱ ሳይገጥም ሲቀር ነው፤ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፎ ይገኛል። የፓስፖርትሽን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንስተሽ እስከ ሐሙስ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ ሳላመሳክር ማኅተም አላስመታም።

አባትሽ፣ ከደሴ