ለህጻናቱ አልሚ ምግብ፣ ለሴት ልጆቹ ራሽን፦ በየወሩ እናዋጣ

ሰላም ቤተሰብ፣ ዛሬ የመጣሁት መዋጮ ልጠይቃችሁ ነው። የተባበሩት መንግስታት ሪፖርት እንደሚለው በ2024 ወደ 673 ሚሊዮን ሰው ተርቧል፣ ቁጥሩ ሲበዛ ለማሰብም ይከብዳል አውቃለሁ፣ ግን አንድ ቤት ብቻ አስቡ እስቲ። ምግብ ሲያንስ ማን ነው የሚቀነስበት? በብዙ ቦታ እናትና ሴት ልጅ ናቸው፣ ሌላው በልቶ የተረፈውን ነው የሚቀምሱት። ሲብስ ደግሞ ከትምህርት ቤት ቀድማ የምትቀረው እሷው ናት፣ ውሃ ቅጂ፣ ልጅ ያዢ ትባላለች፣ ከዛ የሚበላው ሰው ይቀንስ ተብሎ ትዳራለች። በዓለም ላይ በየአመቱ 12 ሚሊዮን የሚሆኑ ሴት ልጆች 18 ሳይሞላቸው ይዳራሉ፣ ሁሉም በረሃብ ነው ባልልም ረሃብ ይገፋፋል። ሰውነቷ ሳይጠና፣ ደም አንሷት ስታረግዝ ልጇም ኪሎው ዝቅ ብሎ ሊወለድ ይችላል፣ ረሃቡ ገና ሳይወለድ ያዘው ማለት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ከ5 አመት በታች ከሚሞቱት ህጻናት ግማሽ የሚጠጋው ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚጨርሳቸው ተቅማጥና ሳንባ ምች ነው፣ የተራበ ሰውነት መከላከያ የለውማ። መፍትሄው እያለ መሆኑ ነው የሚያስቆጨው። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች የወረደ፣ ማለትም በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳ ህጻን፣ ሌላ ህመም ካልተደረበበት፣ እናቱ እቤት ሆና ፕላምፒናት የሚባለውን አልሚ ምግብ ልትሰጠው ትችላለች፣ ኦቾሎኒ፣ የወተት ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳርና ቫይታሚን ነው፣ አንዱ ፓኬት 500 ካሎሪ፣ ውሃ አይፈልግ ማብሰል አይፈልግ፣ አብዛኞቹ በ6 እስከ 8 ሳምንት ያገግማሉ።

የምናዋጣው ለሁለት ነገር ነው፣ አንደኛው ይሄው ፓኬት ነው። ሁለተኛው የትምህርት ቤት ምሳና ሳታቋርጥ ለምትማር ሴት ልጅ በየወሩ እቤት ይዛው የምትሄደው ራሽን፣ ዱቄትና ዘይት ማለት ነው። ለምን ለሴቶቹ ብቻ ያላችሁን ሰዎች፣ ምሳው ለሁሉም ነው፣ ራሽኑ ግን ለሴቶቹ የሆነው፣ የሷ መማር ለቤቱ የሚያስገባው ነገር ካለ ቤተሰብ እሷን ማስቀረት ስለሚከብደው ነው።

አንዴ ብዙ ከመስጠት ትንሽም ብትሆን በየወሩ ብታደርጉልን ይሻላል፣ ህክምና የጀመረ ልጅ መሃል ላይ ፓኬት ካለቀበት ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል። የገባውንም የወጣውንም በየወሩ ከነደረሰኙ እናሳያችኋለን። የምትችሉ ዛሬውኑ ተመዝገቡ፣ ያልቻላችሁ ሼር አድርጉልን።