ቀሚሱ ተገኝቷል

ጎንደር፣ የካቲት 5 ቀን

ይድረስ ለውዷ እህቴ ለእታለም፦

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆችሽስ እንደምን ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር፣ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ከሁሉ በፊት ይህን ስሚ፦ የእናትሽ የእናታለም ቀሚስ ተገኝቷል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክሽን ያላነሳሁት ተቀይሜሽ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ጥልፉን ወደ አዲስ ሸማ አዙሪልኝ ብለሽ በአደራ ከላክሽልኝ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የት እንዳኖርኩት ጠፋኝ። የእናት ልብስ፣ ያውም ነፍሳቸውን ይማርና ከሳቸው የቀረሽ እሱ ብቻ። ስልኩን ባነሳው ምን እልሽ ነበር?

ያችን ክፍሌን ታውቂያታለሽ፤ አብረን ሽንሽን ስንሸነሽን ስንት ሌሊት ያነጋንባት። ማሽኑ፣ አልጋው፣ ሞሰቡ፣ ምጣዱ ሁሉ እዚያው ነበር። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሥራው በዛ፣ ብጣሹም በዛ። አንድ ቀን ይጠቅመኛል እያልኩ ቁራጩን ሁሉ ማዳበሪያ ውስጥ እጠቀጥቅ ነበር። የደንበኛ ልኬት ደግሞ በቃሌ ነበር የምይዘው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? እዚህ ታኅሣሥ ሲገባ ሴቱ ሁሉ ደጄ ላይ ነው። ዘንድሮ በከተራ ዋዜማ አንዲት ልጅ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች፤ ቀሚሱ አልቋል፣ መቀነቱ ግን የለም። ቤቱን ገልብጬ ፈለግሁ። ሌሊቱን ሌላ ጠልፌ አደረስኩላት፤ ነገር ግን የመቀነቱ ቀይ ከደረቱ ቀይ ጋር አልገጠመም። ልጅቷ ምንም አላለችኝም። ጥር 11 ቀን አፄ ፋሲል መዋኛ ዳር ቆሜ ጸበሉ ሲረጭ ዓይኔ በሕዝቡ መሃል ያንን መቀነት ይፈልግ ነበር።

በዚያው ሰሞን የእህቴን ልጅ ይዤ ፋሲል ግቢ ገባሁ። አስጎብኚው እየዞረ ያሳየናል፦ ይህ የአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ይህ ጽሕፈት ቤታቸው፣ ይህ የአፄ በካፋ ፈረስ ቤት፣ ያ የአንበሶቹ ቤት። በልጅነታችን ስንት ጊዜ የሮጥንበት ግቢ ነው፤ እንደዚያን ቀን አድርጌ ግን አይቼው አላውቅም። ዙሪያው 900 ሜትር በሆነ አጥር ውስጥ፣ ቦታ በሞላበት፣ ነገሥታቱ ለመጽሐፉ ቤት፣ ለጸሐፊው ቤት፣ ለፈረሱ ቤት ለይተዋል። በእኔ አንዲት ክፍል ውስጥ ግን መርፌና መቀሱ ቤት አልነበራቸውም፤ የአደራ ዕቃም እንዲሁ።

ሦስት ቀን ሥራ ዘጋሁ። ዕቃውን በሙሉ ወደ ግቢ አወጣሁት። ማዳበሪያው ሰባት ነበር። አምስተኛውን ስዘረግፍ የአሪቲ ሽታ መጣ። ብጣሽ ጨርቅ አሪቲ አይሸትም። እጄን ስሰድ በነጠላሽ እንደጠቀለልሽው፣ ቋጠሮው እንኳ ሳይፈታ አገኘሁት። እናታለም በእጥፋቱ መሃል ያኖሩት አሪቲ ደርቆ እንደ ሻይ ቅጠል ሆኗል። ሸማው ጉልበቱ ላይ ሳስቷል፣ ጫፉም ተተልትሏል። ጥልፉ ግን ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጠው ስላጠፉት ቀለሙ ትናንት የተጠለፈ ይመስላል። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አሁን ክፍሏን ብታያት አታውቂያትም። ምጣዱንና ሞሰቡን ወደ ጓዳ አዛወርኳቸው፤ የወጥ እንፋሎትና ነጭ ሸማ አብረው አይውሉም። ግድግዳው ላይ ሚስማር መትቼ ክሩን በየቀለሙ ሰቅያለሁ፣ ያውም ፀሐይ በማይደርስበት በኩል፣ ፀሐይ ያወይበዋልና። ቀዩን ለብቻው አራቅሁት፤ ባለፈው ነሐሴ ጣሪያው አፍስሶ ቀለሙን ለቅቆ አንድ ሙሉ ሸማ አበላሽቶብኛል። ለእያንዳንዷ ደንበኛ አንድ አንድ ፌስታል አለ፤ ስሟ፣ ልኬቷ፣ ቀብዷና የምትወስድበት ቀን የተጻፈበት ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተይዞበታል። መርፌዎቼ 12 ናቸው። ማታ ቡና ከመቁላቴ በፊት ቆጥሬ እሰካቸዋለሁ። 11 ከሆኑ ቡናው ይቆያል፤ የእህቴ ትንሹ ልጅ መዳህ ጀምሯል።

ያላጸዳሁት ነገርም አለ። ማሽኑ አጠገብ የክር ርዝራዥ የማጠራቅምባት ሰፌድ አለች፣ ቀለሙ ሁሉ ተዘበራርቆ ያለባት። ጎረቤቴ ድፊያት ትለኛለች፤ አልደፋትም። ባለፈው ሳምንት ወይን ጠጁ ክር ቅጠልያው ላይ ወድቆ አየሁና፣ አስቤ ላጋጥማቸው የማልችላቸውን ሁለት ቀለሞች ለአንዲት ሙሽራ ቀሚስ አዋልኳቸው። የተጀመረ ጥልፍም አጥፌ አላስቀምጥም። ጧት ስነሳ ያቆምኩበትን ቦታ ዓይኔ ወዲያው ማግኘት አለበት።

ወደ ቀሚሱ ልመለስ። አዲሱን ሸማ ከቅዳሜ ገበያ ገዝቻለሁ፣ ብር እልካለሁ እንዳትይኝ። ጥልፉን አልፈታውም፤ ክሩ አርጅቷልና ከተነካ ይበጣጠሳል። ከሥሩ ካለው አሮጌ ሸማ ጋር ቆርጬ አዲሱ ላይ እሰፋዋለሁ። እንዲያ ሲሆን የእናታለም ሸማም በጥቂቱ ከውስጥ ይቀርልሻል። የሳቸው ትከሻ ካንቺ ይጠባል፤ መስቀሉ መሃል ደረትሽ ላይ እንዲውል የአንገትሽን፣ የትከሻሽንና የደረትሽን ልኬት ላኪልኝ። የድሮውን በቃሌ አስታውሰዋለሁ፣ ግን በሱ አልቆርጥም። ወረቀቱ ላይ ስምሽን ጽፌ ፌስታሉ ላይ አያይዤዋለሁ፤ የልኬቱ ቦታ ክፍት ነው።

እህትሽ