ስለ ማባዣ ክፍሉና ስለ መማሪያ ክፍሎች አየር

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ፣

የፈተና ወረቀት የሚባዛበት ጊዜ በመድረሱ ማሽኖቹ ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ። የማባዣ ክፍሉን በር ዝግ፣ የመማሪያ ክፍሎቹን መስኮት ግን ክፍት ሆኖ የምታገኙት ለዚህ ነው።

ፎቶኮፒ ማሽንና ሌዘር ፕሪንተር ቶነሩን (የቀለም ዱቄቱን) ወረቀት ላይ የሚያጣብቁት በሙቀት ነው። በዚያ ሙቀት የሚወጣው ተን ሲቀዘቅዝ ከ0.1 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ያነሰ ብናኝ ይሆናል፤ ዓይን አያየውም፣ ሳንባ ግን ይቀበለዋል። በቆዩ ማሽኖች ላይ ደግሞ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራው ሽቦ ኦዞን የሚባል ጋዝ ያመነጫል። ጉሮሮ ይከረክራል፤ አስም ያለበትን ልጅ ያስላል።

ክፍሉ ሲታፈን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው በሩን ነው። መስኮት ሳይከፈት በር ብቻ ከተከፈተ ግን የማሽኑ አየር ወደ ኮሪደር ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ልጆቹ ክፍል። በር ላይ ቬንቲሌተር ማቆም ይህንኑ ያፋጥናል። ስለዚህ አየሩን ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ ከማሽኖቹ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ተገጥሟል። ከበሩ ሥር 2 ሳንቲሜትር ክፍተት ተትቷል፤ ምትክ አየር የሚገባበት ካጣ ማራገቢያው ቢሽከረከርም የሚያስወጣው ጥቂት ነው። ሠራተኛው ጠዋት ጠዋት ስስ ሶፍት ክፍተቱ ላይ ይይዛል። ሶፍቱ ወደ ውስጥ ካልተሳበ ማባዛት አይጀመርም።

የፈሰሰ ቶነር በመጥረጊያም ሆነ በተራ ቫኪዩም አይነሳም፤ ሁለቱም መልሰው ይበትኑታል። የሚነሳው በቀዝቃዛ ውሃ በራሰ ጨርቅ ነው፤ ሙቅ ውሃ ያጣብቀዋል።

በመማሪያ ክፍሎች ውስጥ ፊት ለፊት የሚተያዩት መስኮቶች በየእረፍቱ 10 ደቂቃ ይከፈታሉ። ኤሲ ይህን አይተካም፤ አብዛኛው የክፍሉን አየር ያንኑ እያዞረ ያቀዘቅዛል እንጂ አዲስ አየር አያስገባም። የካርቦንዳይኦክሳይድ መለኪያው ከ1000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 1000) ካለፈ (የውጭው አየር 420 ገደማ ነው) እረፍት ሳይጠበቅ መስኮቱ ይከፈታል። መለኪያው የሚናገረው አየሩ መታፈኑን ብቻ ነው፤ የፕሪንተር ብናኝ አይታየውም። ከመማሪያ ክፍሎች ፕሪንተሮችን ያወጣነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከእናንተ የምንጠይቀው፦ ጠዋት ስለሚበርድ ልጆቹ ሹራብ ይዘው ይምጡ። አስም ያለበት ልጅ ካለ ለክፍል ኃላፊው መምህር በጽሑፍ አሳውቁ፤ የሚነፋው መድኃኒቱም ከቦርሳው አይጥፋ። ቤት ውስጥ ሌዘር ፕሪንተር ካላችሁ ልጁ ከሚተኛበት ክፍል አውጡት።

ከሰላምታ ጋር፣
ርዕሰ መምህር