በትምህርት ቤት ደጅ ላሉ ሱቆች ሲጋራ ማቅረብ ስለማቆማችን

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ከመጪው መስከረም ጀምሮ ደሴ ውስጥ በትምህርት ቤት በር አካባቢ ላሉ ሱቆች ሲጋራ አናደርስም። ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናውና ብስኩቱ እንደወትሮው ይመጣላችኋል፤ የዱቤ ቀጠሯችሁም አይነካም። ምክንያቱን ከሾፌራችን ሳይሆን ከእኛ ከራሳችን እንድትሰሙት ፈለግን።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። ተገቢ ሕግ ነው፤ አብዛኛው አጫሽ ሱሱን የሚጀምረው በልጅነቱ ነውና። ችግሩ ሸክሙ ባለሱቁ ትከሻ ላይ ብቻ ማረፉ ነው። በዕረፍት ሰዓት ተማሪው መስኮቱ ላይ ሲረባረብ ማን መታወቂያ ይጠይቃል? «አባቴ ልኮኝ ነው» ቢልስ? እናንተ እምቢ ስትሉት ከጎናችሁ ያለው ሱቅ አንድ ፍሬ ይሸጥለታል፤ ልጁ ማስቲካውንም ደብተሩንም ከዚያው መግዛት ይለምዳል። ሕግ ያከበረው ገበያ አጣ ማለት ነው። ይህን ከብዙዎቻችሁ አንደበት ሰምተናል፤ ያሳዝነናልም።

ስለዚህ የቦታ ደንብ ያስፈልጋል እንላለን። ከተማ አስተዳደሩ ንግድ ፈቃድ ሲሰጥ «ከትምህርት ቤት በር እስከዚህ ድረስ ትምባሆ አይሸጥም» ቢል መንገዱ ላይ ያለው ሁሉ እኩል ይታዘዛል፤ የማንም ደንበኛ ወደ ጎረቤት አይሸሽም። ሌሎች አድርገውታል። ህንድ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከትምህርት ተቋማት በ100 ያርድ፣ ማለትም በ91 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ ሽያጩን ከልክላለች። የአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ከትምህርት ቤት በ500 ጫማ፣ በ150 ሜትር ግድም ውስጥ አዲስ የትምባሆ መሸጫ ፈቃድ እንዳይሰጥ ደነገገች። ለእኛ ከተማ ከአዲስ ፈቃድ መጀመሩ ይሻላል፤ ነባር ባለሱቅ መሸጋገሪያ ጊዜ ሊያገኝ ይገባል።

ርቀቱ በምን ይለካ የሚለው ቀላል አይደለም። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ሽቅብና ቁልቁል የተሠራች ከተማ ናት፤ በካርታ ላይ የተጎራበተው ሱቅ በእግር ሲሄዱበት ሩቅ ሊሆን ይችላል። ልኬቱ ከግቢው በር ተነስቶ ተማሪዎች በሚሄዱበት መንገድ ቢሆን እንመርጣለን።

ይህንኑ ጥያቄ በጽሑፍ ለከተማ አስተዳደሩ እናቀርባለን። የምትስማሙ መደብራችን መጥታችሁ ፈርሙ፤ የማትስማሙም ሐሳባችሁን ንገሩን፣ ከደብዳቤው ጋር እናያይዘዋለን። ከእኛ የገዛችሁትና ያልተከፈተ ስቴካ በእጃችሁ ካለ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በገዛችሁበት ዋጋ እንመልስላችኋለን፤ ደረሰኙን ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር
የመደብሩ ባለቤቶች፣ ደሴ