የጌሊክ ስሞች ትርጉም ይጻፍልን
ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ምዕራብ ስኮትላንድ ጠረፍ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። የቦታዎቹ ስም ትርጉም መቅረቱ ግን ቆጨኝ። ለገደሉና ለወሽመጡ የወጣላቸው ስም እኮ ራሱ ካርታ ነው!

“ኪንታይር” የተባለው ልሳነ ምድር ስም በጌሊክ፣ በስኮትላንድ ነባር ቋንቋ፣ የምድር ጫፍ ማለት ነው። “ታርበርት” ደግሞ በሁለት ውሃ መሃል ያለች ጠባብ የብስ ናት። እኔ ሄጄ ቆሜባታለሁ። ከአንዱ ወሽመጥ ወደ ሌላው ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ድሮ ባሕረኞች ያንን ሁሉ ማዕበል ላለመዞር ጀልባቸውን በየብስ እየጎተቱ ያሻግሩባት ነበር።

“ኬፕ ራዝ”ን “የቁጣ ርእሰ ምድር” ብላችሁ ተርጉማችኋል። ስህተት ነው። “ራዝ” በእንግሊዝኛ ቁጣ ማለት ቢሆንም፣ የቦታው ስም ግን ጌሊክም እንግሊዝኛም አይደለም፤ ከጥንት ኖርዌያውያን የመጣ ነው፣ “መታጠፊያ” ማለት ነው። መርከቦቻቸው አቅጣጫ የሚቀይሩት እዚያ ነበር።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም አርሙልን።

አክባሪ አንባቢያችሁ